አፓችሁን በሽልማት ኢንስቶል ልታስተዋውቁ ነው? ከመክፈላችሁ በፊት አማራጮቹን እናነጻጽር

አፑ አልቋል። ጉግል ፕሌይ ላይ ወጥቷል። ጓደኛም ዘመድም አውርዶታል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ቁጥሩ "100+" ላይ ተገትሮ አልንቀሳቀስ ብሏል። ልክ በዚህ ሰዓት ነው አንዱ ቴሌግራም ላይ መጥቶ "10,000 ዳውንሎድ በጥቂት ቀን፣ እውነተኛ ሰዎች፣ ዋጋው ርካሽ" የሚላችሁ። ያጓጓል። በተለይ ገንዘብ ሊያስገባ ያሰበ ሰው "ስንት ሰው አውርዶታል?" ብሎ የጠየቃችሁ ሰሞን።

ይህን የምጽፈው መሃል አዲስ አበባ ላይ ለሚሠራ አፕ ነው። ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ምግብ የሚያደርስ፣ ካዛንቺስ ላሉ ክሊኒኮች ቀጠሮ የሚይዝ፣ የአራት ኪሎ ተማሪ ያገለገለ መጽሐፍ የሚገዛበት፤ ብቻ ተጠቃሚው እዚሁ ያለ፣ በእግርም በታክሲም ሄዳችሁ የምታገኙት ሰው የሆነ አፕ። የሠራችሁት ለዓለም ሁሉ የሚሆን ጌም ከሆነ ሂሳቡ ይለያል፤ እሱን ወደ ኋላ ላይ እመጣበታለሁ።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። እንዲህ ላለ አፕ፣ ለኢንስቶል ብቻ፣ ማለትም አፑ ስልክ ላይ ስለተጫነ ብቻ፣ የሚከፈል ገንዘብ አልመክርም። ሽልማት መስጠት በራሱ ክፋት የለውም። ለየትኛው ሥራ ነው የምትሸልሙት፣ ሽልማቱስ እጁ የሚገባው ማን ነው፤ ገንዘባችሁ ሥራ ላይ መዋሉም ሜዳ ላይ መቅረቱም የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው።

የሽልማት ኔትወርክ አሠራር

አንድ ልጅ ስልኩ ላይ ጌም እየተጫወተ ሳንቲም ያልቅበታል። ጌሙ "ሳንቲም ከፈለግክ ከእነዚህ አንዱን ሥራ" ብሎ ዝርዝር ያወጣለታል። ዝርዝሩ ውስጥ የእናንተ አፕ አለ፤ "አውርደህ ክፈት፣ 50 ሳንቲም ውሰድ" ይላል። ልጁ ያወርዳል፣ ይከፍታል፣ ሳንቲሙን ይወስዳል። እናንተ ለኔትወርኩ፣ ማለትም እናንተንና የጌሙን ባለቤት ለሚያገናኘው ድርጅት፣ ትከፍላላችሁ፤ ኔትወርኩ ከዚያ ላይ ለጌሙ ባለቤት ያካፍላል። ይህ ዝርዝር ኦፈርዎል ይባላል። በዚህ ሥራ ስሟ ቀድሞ ከሚነሱት አንዷ ታፕጆይ ናት፤ ኋላ ላይ አይረንሶርስ ገዛት፣ አይረንሶርስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ከዩኒቲ ጋር ተዋሃደ።

የእኛ ከተማ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ኖትኮይንና ሃምስተር ኮምባት የሚባሉት የቴሌግራም ጌሞች ታክሲ ውስጥ፣ ካፌ ውስጥ፣ ክፍል ውስጥ ሳይቀር ስክሪን ሲያስነኩን ከርመዋል። ቻናል ተቀላቀል፣ ቪዲዮ ክፈት፣ ሳንቲም ውሰድ። ያኔ ለሳንቲም ብላችሁ ከተቀላቀላችኋቸው ቻናሎች ዛሬ ስንቱን ታነባላችሁ? በሽልማት የመጣ ተጠቃሚ ጠባይ ይኸው ነው። ሰውየው ምንም አላጠፋም፤ የተባለውን ሠርቶ የተባለውን ወስዷል። የእናንተን አፕ ግን አልፈለገውም።

በአንድ ስም የሚሸጡ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ አታምታቷቸው። አንደኛው ቴሌግራም ላይ ወይም ርካሽ ድረ ገጽ ላይ በጅምላ የሚሸጥ "ዳውንሎድ" ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሰው የለበትም፣ ተደርድረው በፕሮግራም የሚነዱ ስልኮች ወይም ኮምፒውተር ላይ የሚሠሩ አስመሳይ ስልኮች ናቸው። ይህን ከነጭራሹ ተዉት። ሁለተኛው ሰው ያለበት ነው፤ ለአንድ ኢንስቶል ይህን ያህል ብላችሁ በትክክለኛ ኔትወርክ በኩል የምትከፍሉበት። ሦስተኛው ለተግባር የሚከፈልበት ነው። ተጠቃሚው ሲመዘገብ፣ የመጀመሪያውን ትዕዛዝ ሲያዝዝ ወይም ጌሙ ላይ አሥረኛ ደረጃ ሲደርስ ብቻ ትከፍላላችሁ። ሦስተኛው ከሁሉም ይሻላል፤ በዚያው ልክ ውድ ነው።

ሕጉ ምን ይላል

ጉግል ፕሌይ ፖሊሲው ላይ በግልጽ ጽፎታል። የአፑን ደረጃ ከፍ ለማድረግ ተብሎ በማጭበርበርም ሆነ በሽልማት የመጣ ኢንስቶል፣ ሪቪውና ኮከብ አይፈቀድም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 ደግሞ እንዲህ ያሉትን ኢንስቶሎች የሚለይና የሚያጣራ ሥርዓት እንደዘረጋ አስታውቋል። ከተያዛችሁ አፑ ከደረጃ ሰንጠረዡ ይወጣል፣ ከደጋገማችሁ ከነጭራሹ ሊወርድ ይችላል። "እኔ አይደለሁም፣ የቀጠርኩት የማርኬቲንግ ሰው ነው" ማለት አያድንም፤ አካውንቱ የእናንተ ነው። አፕል ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ነው የታፕጆይን ዓይነት የሽልማት ኢንስቶል የያዙ አፖችን አልቀበልም ብሎ መመለስ የጀመረው።

ይህ ማለት ሽልማት ያለበት ማስታወቂያ ሁሉ ክልክል ነው ማለት አይደለም፤ ኦፈርዎሎች ዛሬም በግልጽ ይሠራሉ። አደጋው ያለው ደረጃና ኮከብ ለመግዛት ስትጠቀሙበት ነው። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላሳስብ፦ "5 ኮከብ ስጡን፣ ስክሪንሾት ላኩ፣ ካርድ እንልካለን" የሚል ፖስት እዚህ ከተማ የተለመደ ነው። እባካችሁ አታድርጉት።

በተሸላሚው በኩልም ችግር አለ። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ታፕጆይን የያዘው ሰዎች የተባሉትን ሠርተው፣ አንዳንዶቹም ገንዘብ አውጥተው፣ ቃል የተገባላቸውን ሽልማት አላገኙም በሚል ነበር፤ ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ። ልብ በሉ፣ ሽልማቱ የቀረበት ሰው የሚያስታውሰው የኔትወርኩን ስም አይደለም። ያወረደውን አፕ ነው። አንድ ኮከብ የሚሰጠውም ለእናንተ ነው።

ገንዘቡ የሚጠፋበት መንገድ

ሰው ያለበት ኔትወርክ ውስጥም ሌባ ይገባል። በጣም የተለመደው እንዲህ ነው፦ ስልኩ ላይ ቀድሞ የተጫነ አንድ ተንኮለኛ አፕ ሌላ አፕ እየወረደ መሆኑን ይሰማል። ኢንስቶሉ ሊያልቅ ሲል ሰውየው ማስታወቂያ የነካ የሚያስመስል የሐሰት ክሊክ ይልካል። ሲስተሙ "ይህን ሰው ያመጣው እሱ ነው" ብሎ ይመዘግባል። ሰውየው ግን አፓችሁን ያወረደው ጓደኛው ነግሮት ሊሆን ይችላል። እናንተ በነጻ ለመጣ ሰው ከፈላችሁ ማለት ነው። ጉግል ፕሌይ ክሊኩ መቼ እንደተደረገ፣ ማውረዱ መቼ እንደተጀመረ ሰዓቱን የሚሰጥ መሣሪያ አለው፤ ኢንስቶል ሪፈረር ይባላል። ፕሮግራመራችሁ ያስገባው። ክሊኩ የመጣው ማውረዱ ከተጀመረ በኋላ ከሆነ ነገሩ ሌብነት ነው።

ይህ የትንንሾች ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዩበር የሚያህል የታክሲ አፕ ድርጅት በሐሰት ኢንስቶል ተበላሁ ብሎ የማስታወቂያ ድርጅቶችን ከስሷል፤ ከተከሰሱት አንዷ ፈንዌር እ.ኤ.አ. በ2020 ገንዘብ ለመክፈል ተስማምታ ጉዳዩን ዘግታለች። የዩበር የቀድሞ የማስታወቂያ ኃላፊ ኬቪን ፍሪሽ በኋላ እንደተናገረው፣ ከ150 ሚሊዮን ዶላር በጀት 100 ሚሊዮኑን ሲያቆሙት የተሳፋሪው አፕ ኢንስቶል ላይ የታየ ለውጥ አልነበረም። ያን ሁሉ ባለሙያ ቀጥረው ይህ ከደረሰባቸው፣ ሁለት ፕሮግራመርና አንድ የግራፊክስ ልጅ ይዘን የምንሠራ ሰዎች ከዚያ በላይ መጠንቀቅ አለብን።

ሌላም አለ። ጉግል አፑ ምን ያህል እንደሚበላሽ ይከታተላል። ተጠቃሚው የሚያየው ብልሽት በቀን 1.09 በመቶ ተጠቃሚዎች ላይ ከደረሰ አፓችሁ ፕሌይ ላይ እንዲታይ የሚሰጠው ዕድል ይቀንሳል። በሽልማት የሚመጣው ስልክ አብዛኛው እናንተ ሞክራችሁት የማታውቁት ነው። የአዲስ አበባን ሰው ቴክኖና ሳምሰንግ ይዛችሁ ሞክራችሁ፣ ከየትም የመጣ ስልክ ላይ አፑ ሲወድቅ የሚጎዳው ስማችሁ ነው።

ሂሳቡ

ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ የራሳችሁን አስገቡበት።

እንበል ኔትወርኩ ለአንድ ኢንስቶል 15 ብር ይጠይቃል። 1,000 ኢንስቶል 15,000 ብር። በሰባተኛው ቀን አፑን የከፈተ 20 ሰው ቀረ። ስለዚህ አንድ የቀረ ሰው 750 ብር አወጣችሁበት። ከነዚያ 20 ሰዎች ደግሞ ስንቱ አዲስ አበባ ነው ያለው?

አሁን ያንኑ 15,000 ብር ለራሳችሁ ሪፈራል አድርጉት። ጓደኛውን ለጋበዘ 25 ብር ካርድ፣ ለተጋባዡም 25፤ የሚሰጠው ግን ተጋባዡ የመጀመሪያውን ትዕዛዝ አዝዞ ሲከፍል ብቻ ነው። 300 ሰው ይደርሰዋል። ከእነሱ 90ው ደግመው አዘዙ እንበል። አንዱ ወደ 167 ብር ወጣበት። ሁሉም እዚሁ ከተማ ያለ ነው፣ ሁሉም ቢያንስ አንድ ጊዜ ከፍሏል።

ዳውንሎዱን ካያችሁ ኔትወርኩ 1,000፣ ሪፈራሉ 300 ነው። ኔትወርኩ ያሸነፈ ይመስላል። መታየት ያለበት ግን አፑ ላይ የቀረው ሰው ነው፤ ለማንኛውም መንገድ በዚህ መልክ አስሉ፣ የወጣውን ብር በሰባተኛው ቀን ላለው ሰው አካፍሉ።

የቀሩት አማራጮች

የጉግል የአፕ ማስታወቂያ ለመጀመር ቀላል ነው፤ ጽሑፍና ሥዕል ትሰጡታላችሁ፣ ፍለጋ ላይም ዩቲዩብ ላይም ፕሌይ ላይም ራሱ ያሰራጨዋል። አዲስ አበባን ብቻ መምረጥ ይቻላል። ችግሩ ለመማር ብር መፈለጉ ነው። ጉግል ራሱ የሚመክረው የቀን በጀት ለአንድ ኢንስቶል ልትከፍሉ ካሰባችሁት ቢያንስ 50 እጥፍ እንዲሆን ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ማን እንደሚስማማችሁ ሳያውቅ ገንዘቡ ያልቃል። ክፍያውም የውጭ ምንዛሬ ካርድ ይፈልጋል፤ ያ ካርድ የሌለው ሰው በአማላጅ ሲከፍል የሚጨመርበትን ኮሚሽን ሂሳቡ ውስጥ ያስገባ።

ፌስቡክና ኢንስታግራም ላይ ደግሞ ካርታው ላይ ነጥብ አስቀምጣችሁ ዙሪያውን በኪሎሜትር መወሰን ትችላላችሁ። ስታዲየም ላይ አስቀምጡት፤ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ካዛንቺስ ገባ ማለት ነው። ለሰፈር አፕ ከጉግል ይልቅ ይህን እመርጣለሁ። ቲክቶክ ላይ የሚሠራው የተቀናበረ ማስታወቂያ ሳይሆን አንድ ልጅ አፑን ሲጠቀምበት የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ነው፤ ቲክቶከር ስትመርጡ ተከታዩ ስንት እንደሆነ ሳይሆን አስተያየት ሰጪው ከየት እንደሆነ እዩ።

ቴሌግራም ለእኛ የተለየ ነው። ሥራ የሚፈልገውም፣ ቤት የሚከራየውም፣ ያገለገለ ስልክ የሚሸጠውም እዚያ ነው። የቻናል ባለቤት "200 ሺህ አባል አለኝ" ቢላችሁ አባሉን እርሱት፤ አባልም እንደ ኢንስቶል ይገዛል። የመጨረሻዎቹን ፖስቶች ዕይታ ተመልከቱ። ፖስቱ ከወጣ ከ24 ሰዓት በኋላ ስንት ሰው አየው? 200 ሺህ አባል ይዞ ዕይታው 3 ሺህ ከሆነ የምትከፍሉት ለ3 ሺህ ነው። ከፖስታችሁ በኋላ ሌላ ማስታወቂያ ለስንት ሰዓት እንደማይወጣም ተስማሙ፤ ካልተስማማችሁ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሊቀብራችሁ ይችላል። የቻናሉ ርዕስ ከአፓችሁ ጋር መግጠሙ ከትልቅነቱ ይበልጣል። ለመጽሐፍ አፕ አምስት ሺህ አንባቢ ያለው የተማሪዎች ቻናል ከአንድ ትልቅ የቀልድ ቻናል ይሻላል።

ቴሌግራም ላይ ኤፒኬ ፋይሉን፣ ማለትም የአፑን መጫኛ ፋይል፣ በቀጥታ መልቀቅም የተለመደ ነው። ዳታ ለመቆጠብ ዜንደር በሚባለው ፋይል ከስልክ ወደ ስልክ በሚያስተላልፍ አፕ የሚቀባበልም አለ። ሰው ጋ መድረሱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን እንዲህ የተጫነ አፕ ፕሌይ ላይ አይቆጠርም፣ የማን ፋይል እንደሆነም ተጠቃሚው አያውቅም። ሊንኩን ስጡ፣ አፑንም ቀለል አድርጉት። ብዙ ሰው የሚይዘው ስልክ ቦታው ጠባብ ነው፤ ፎቶ ሲሞላበት መጀመሪያ የሚያጠፋው ከባዱን አፕ ነው።

የራሳችሁ ሪፈራል ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አዋጪ ነው ግን በቀላሉ ይበላል። ብልጥ ልጅ ሦስት ሲም ይይዝና ራሱን በራሱ ይጋብዛል። ስለዚህ ሽልማቱ በምዝገባ አይሰጥ፤ የተከፈለ ትዕዛዝ ይጠብቅ። በአንድ ስልክ አንዴ ብቻ ይሁን፣ በስልክ ቁጥር ብቻ ሳይሆን በስልኩ መለያም ያዙት። አንድ ሰው በሳምንት ስንት ሰው መጋበዝ እንደሚችል ጣሪያ አብጁ። ካርዱን ለመላክ አትዘግዩ፤ ትዕዛዙ እንደተከፈለ በዚያው ሰዓት ይድረሰው። በዚህ ከተማ ቃል የተገባ ካርድ ሲዘገይ ወሬው ካርዱን ከላካችሁለት ሰው ወሬ ይፈጥናል።

ከዚያ እግር አለ። መሃል ከተማ ያለን ትልቁ ሀብት ሰው በአንድ ቦታ መከማቸቱ ነው። ሜክሲኮ ላይ ማታ የታክሲ ሰልፍ የያዘ ሰው ስልኩን አውጥቶ ነው የሚቆመው። ሰንጋ ተራ ኮሜርስ፣ ተግባረ ዕድ፣ አራት ኪሎ ካምፓስ ዙሪያ ያሉ ፎቶኮፒ ቤቶችና ጁስ ቤቶች ቀኑን ሙሉ ተማሪ ይገባባቸዋል። ከባለቤቱ ጋር ተነጋገሩና ጠረጴዛው ላይ ኪውአር ኮድ ለጥፉ፤ በእሱ በኩል ለመጣ ትዕዛዝ ድርሻ ስጡት። የባለቤቱ ቃል ከማንኛውም ባነር ይበልጣል። ወጣት ቀጥራችሁ ወረቀት ስታስበትኑም በበተነው ሳይሆን በመጣው ትዕዛዝ ክፈሉት፣ የታክሲውንና የምሳውን ግን ለብቻው ቻሉለት። ስልክ ቁጥር ከሰው ስትሰበስቡ ለምን እንደሆነ ንገሩና አስፈቅዱ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ።

ታዲያ የሽልማት ኔትወርክ ለማን ይሆናል

ለዓለም የሚሆን ጌም ላለው። ጌማችሁ ውስጥ ማስታወቂያ ካለ፣ ተጠቃሚው ከየትም ይምጣ እያንዳንዷ ዕይታ ሳንቲም ታመጣለች። ኦፈርዎል ላይ ያለው ሰው ደግሞ ራሱ ተጫዋች ነው፣ ጌም ይወዳል። እዚያ ላይ ለተግባር የሚከፈለውን ዓይነት ምረጡ፤ ለምሳሌ የተወሰነ ደረጃ ሲደርስ የሚከፈለውን። ደረጃው ለመድረስ ሁለት ሦስት ቀን የሚፈጅ ይሁን፤ በአምስት ደቂቃ የሚደረስ ከሆነ ያው ኢንስቶል እንደመግዛት ነው።

ከመፈረማችሁ በፊት ኔትወርኩን ጠይቁት። ኢትዮጵያ ውስጥ ስንት ተጠቃሚ አላችሁ? ማስታወቂያው የሚታይባቸውን አፖች ዝርዝር ታሳያላችሁ? ሐሰት ሆኖ ለተገኘ ኢንስቶል ገንዘብ ትመልሳላችሁ? ቆጠራው በማን መሣሪያ ነው፣ በእናንተ ወይስ እንደ አፕስፍላየር ወይም አድጀስት ባለ ሦስተኛ ወገን? ሁለተኛውን ጥያቄ ከሚሸሽ ኔትወርክ ጋር አትዋዋሉ።

ገና ከተማው ላይ ለሚጀምር ሰው የእኔ ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መጀመሪያ ፎቶኮፒ ቤቱና ሪፈራሉ፣ ቀጥሎ አንድ ሁለት የሚገጥሙ የቴሌግራም ቻናሎች፣ ብር ሲተርፍ ስታዲየም ላይ ነጥብ ያስቀመጥነው የፌስቡክ ማስታወቂያ። ለእያንዳንዱ የተለየ ሊንክ አውጡ፤ ፕሌይ ኮንሶል፣ ማለትም አፑን ፕሌይ ላይ የምታስተዳድሩበት ገጽ፣ ስንት ሰው ከየትኛው ሊንክ እንደመጣ ለይቶ ያሳያችኋል። መጀመሪያ ለሁሉም እኩል ትንሽ ብር መድቡ። ሁለት ሳምንት ጠብቁ፣ ደግሞ ያዘዘውን ሰው ቁጠሩ፣ የቀረውን በጀት ብዙ ሰው ወዳስቀረው መንገድ አዙሩት። ያን ጊዜ ያ ገንዘብ ሊያስገባ ያሰበ ሰው ስንት ሰው አወረደው ብሎ ሲጠይቃችሁ፣ ባለፈው ሳምንት ስንት ሰው ደግሞ እንዳዘዘ ከነዝርዝሩ አሳዩት፤ ሥራውን የሚያውቅ ከሆነ ቀጥሎ የሚጠይቃችሁ ስለዚያ ቁጥር ነው።